መብራት በጠፋ ጊዜ ስለ ኤሌክትሪክ ምድጃ የሚያስፈልግ ጥንቃቄ

ለሱዳን ኤሌክትሪክ እንዲያስተላልፍ የተዘረጋው ባለ 230 ኪሎቮልት መስመር በመተማ ምድር ያልፋል። በከተሞቻችንም በኤሌክትሪክ ምድጃ ወጥ የሚሠሩ፣ በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ የሚጋግሩ እናቶች ዓይናቸውንና ሳንባቸውን ከማገዶ ጢስ ያድናሉ። ነገር ግን ኮረንቲ በድንገት ሲቋረጥ ሦስት አደጋዎች ሊከተሉ ስለሚችሉ፣ ቤተ ሰብ ሁሉ እንዲያውቃቸው እናሳስባለን።

1ኛ፤ ምድጃው ሳይጠፋ የተተወ እንደ ሆነ፣ ኮረንቲው ሌሊት ሲመለስ ማንም ሳያየው ይግላል፤ በላዩ የተጣለ ጨርቅም ተቀጣጥሎ ቤት ያቃጥላል። ስለዚህ መብራቱ እንደ ጠፋ፣ በላብ ወይም በውሃ የራሰ እጅን አድርቆ ምድጃውን ከሶኬቱ መንቀል ይገባል።

2ኛ፤ በቆላ ሙቀት በግማሽ የበሰለ ሥጋና ወጥ ለተሕዋስያን መራቢያ ይሆናል። ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ በላይ ሲሆን፣ ከ1 ሰዓት በላይ የቆየ እንዲህ ያለ ምግብ መበላት የለበትም። አንዳንዱ ተሕዋስ የሚተወው መርዝ ምግቡ እንደገና ቢፈላም አይጠፋምና።

3ኛ፤ ወጡን ለመጨረስ ሲሉ የከሰል ምድጃ ወደ ተዘጋ ክፍል ማስገባት ከሁሉ የከፋ ነው። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዘኛ አየር ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛውን ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ከሰል በደጅ፣ ነፋስ በሚያገኝበት ስፍራ ይቀጣጠል። ራሱን ያመመውንና ያዞረውን ሰው ወዲያው ወደ ውጭ አውጥቶ ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ያስፈልጋል።

ይህን ምክር ማንበብ የሚችል ሁሉ ለማይችለው ጎረቤቱ ያሰማ ዘንድ አደራ እንላለን።