የድራማ ተዋናይት እንጀራ ከየት ነው?

አንዲት የሰሃላ ተማሪ በውስጥ መስመር «ተከታታይ ድራማ ላይ መሥራት እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?» ብላ ጽፋልኛለች። ተመሳሳይ ጥያቄ ከሰቆጣም ከዝቋላም ስለሚመጣ መልሱን እዚሁ ለሁላችሁም ላድርገው። ትንሽ ይረዝማል፤ ታገሡኝ።

እህቴ፣ ከገንዘቡ እንጀምር፤ ሌላውን ሁሉም ሰው ይነግርሻል። እኛ አገር ተከታታይ ድራማ ባብዛኛው በሳምንት አንድ ቀን ነው የሚታየው። ተዋናይቷ የምትከፈለው እንደ መሥሪያ ቤት በወር ሳይሆን በሠራችው ክፍል ልክ ነው። ፕሮዲውሰሩ ስፖንሰር ካገኘ ቀረጻው ይቀጥላል፤ ስፖንሰሩ ፊቱን ካዞረ «ምዕራፍ አንድ ተጠናቀቀ» ይባልና ሁሉም ወደየቤቱ ይገባል። ምዕራፍ ሁለት መቼ እንደሚመጣ ተዋናይቷም እንደ ተመልካቹ ትጠብቃለች። ሰፈርተኛው በቴሌቪዥን ስላያት «አለፈላት» ይላል፤ አከራይዋ ደግሞ ይህንኑ ሰምቶ ኪራይ ይጨምርባታል።

አሜሪካ ነገሩ ሌላ ነበር። ሔለን ዋግነር የምትባል ተዋናይት እ.ኤ.አ. በ1956 የጀመረ አንድ የቀን ድራማ ላይ ከመጀመሪያው ክፍል ተነሥታ አንዲት እናትን ስትጫወት ኖረች፤ በ2010 እስክታርፍ ድረስ ያችው እናት ነበረች። ድራማው ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ ይተላለፍ ነበር፤ ከጀርባው የነበረው አምራች ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል፣ ያው ሳሙና ሻጩ ነው። ሳሙና እስከተሸጠ ድረስ ሥራ ነበረ። እሷ ባረፈች በጥቂት ወራት ውስጥ ድራማውም ተቋረጠ።

ታዲያ የእኛዎቹ በምን ይኖራሉ? ብዙዎቹ አንጋፎች የቴአትር ቤት ልጆች ናቸው። አገር ፍቅር ከ1927 ዓ.ም.፣ ብሔራዊ ቴአትር ከ1948 ዓ.ም. ጀምሮ አሉ፤ የቴአትር ቤት ቅጥር ደመወዝ አለው፣ ጡረታ አለው። ብዙም ባይሆን ወሩን ያደርሳል። ድራማው፣ ማስታወቂያው፣ መድረክ መምራቱ በዚያ ላይ የሚደረብ ነው። ወጣቶቹ ያለዚህ መደገፊያ ስለሚገቡበት ነው አንድ ድራማ ላይ ደምቀው ታይተው ወዲያው የሚጠፉብን። ጠፉ የምንላቸው ሰነፎች አይደሉም።

አስናቀች ወርቁን ሳላነሣ ባልፍ ይቆጨኛል። እሷ መድረክ በወጣችበት ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት ቀሚስ የለበሱ ወንዶች ነበሩ። ተዋናይት ማለት ለብዙው ሰው ስድብ ነበር። ክራሯን ይዛ፣ እየተሰደበች ሠራች፤ በመስከረም 2004 ዓ.ም. ስታርፍ አገር አለቀሰላት። እናትሽ «አዝማሪ ልትሆኚ ነው?» ካለችሽ የአስናቀችን ታሪክ ንገሪያት። አዝማሪ ምን ነውር አለበት ብለሽም ጨምሪበት።

አሁን ወደ ቀረጻው። ድራማ እንደምታይው በተራ አይቀረጽም። አንድ ሳሎን ከተገኘ የሦስት የአራት ክፍል የሳሎን ትዕይንት በአንድ ቀን ይጠራቀማል። ስለዚህ ጠዋት ባልሽ ሞቶ ታለቅሻለሽ፤ ከምሳ በኋላ እዚያው ሶፋ ላይ ከዚያው ባል ጋር ቡና ትጠጫለሽ። ዛሬ በር ስትከፍቺ ተቀርጸሽ በሩን አልፈሽ ስትገቢ ከአሥር ቀን በኋላ ሊሆን ይችላል፤ ሹሩባው ያው፣ ነጠላው ያው፣ ነጠላው የወደቀበት ትከሻ ሳይቀር ያው መሆን አለበት። መብራት ከሄደ ወይም ጄኔሬተር ከጮኸ እንባሽን ጠርገሽ እንደገና ነው። እኔ እንደሚመስለኝ የዚህ ሙያ ትልቁ ችሎታ ይኸው ነው፦ እንባን በቀጠሮ ማምጣት።

ሕዝቡም ገጸ ባሕርይዋንና ሰውዋን አይለይም። «ሰው ለሰው» ድራማ ላይ ክፉውን አስናቀን የተጫወተው አበበ ባልቻ ስንት የመድረክና የፊልም ሥራ ያለው ሰው ነው፤ ለስንቱ ተመልካች ግን አስናቀ ሆኖ ቀረ። ወንዱን «ጎበዝ ክፉ» ብለው ያደንቁታል። ባል የምትቀማ ሴት የተጫወተችውን ግን ገበያ ላይ ይሰድቧታል። ይህን ቻይ።

ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. መጥቶ የቱርክ ድራማ በአማርኛ ማናገር ሲጀምር የኪነ ጥበብ ሰዎች ገበያችን ተወሰደ ብለው ተቃወሙ። ስጋታቸው ውሸት አልነበረም። ግን ፊታቸው የማይታይ፣ ድምፃቸው ብቻ እንጀራ የሚሆንላቸው ወጣቶችንም አፍርቷል። ድምፅ ካለሽ ይህም በር ነው።

ከሁሉ በላይ ግን የተዋናይትን ዕድል የሚወስነው ብዕር ነው። መልክሽ ቢያምር፣ ችሎታሽ ቢደነቅ፣ ደራሲው አልቃሽ ሚስት ብቻ ከጻፈልሽ አልቃሽ ሚስት ሆነሽ ታረጃለሽ። «ገመና» የተባለውን ድራማ የጻፈችው አዳነች ወልደገብርኤል ናት። በ2014 ዓ.ም. በአርትስ ቴሌቪዥን የመጣው «እረኛዬ» ደግሞ የአዜብ ወርቁ፣ የቅድስት ይልማና የቤዛ ኃይሉ ሥራ ነው፤ አዜብ ራሷ ተዋናይት ናት። ሴቶች ሲጽፉ ለሴት ተዋናይት የሚሰጠው ሥራ ይሰፋል። ይህ የእኔ ፍርድ ነው፤ የማትስማሙ ጻፉልኝ።

የእኛን አካባቢ በተመለከተ፣ ከሰቆጣ አዲስ አበባ 700 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ኦዲሽን በተባለ ቁጥር አይወረድም። ግን ካሜራ የግድ አይደለም። «የቀን ቅኝት» የተባለው የሬዲዮ ድራማ ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. 257 ክፍል ተላልፎ ከ15 ሺህ በላይ ደብዳቤ መጥቶለታል። የድራማውን ገጸ ባሕርይ ፍቅርተን ያወቅናት በጆሯችን ነው። የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን በአካባቢያችን ቋንቋ በኽምጥኛ ያስተላልፋል፤ በየዓመቱ ነሐሴ አጋማሽ ላይ የሻደይ በዓል ሲደርስ ሴት ልጆቻችን በሕዝብ ፊት ግጥም ፈጥረው ይጫወታሉ። ተዋናይት አጥተን አይደለም የራሳችንን ድራማ ያልሠራነው።

ስለዚህ እህቴ፣ ትምህርትሽን አታቋርጪ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ1970ዎቹ መባቻ ጀምሮ የቴአትር ትምህርት ክፍል አለው። እስከዚያው በትምህርት ቤትሽ ሚኒ ሚዲያ ተመዝገቢ። ሌሎቻችሁ ደግሞ በኽምጥኛ የአሥር ደቂቃ የሬዲዮ ድራማ መጻፍ የምትችሉ ካላችሁ ጽሑፋችሁን በውስጥ መስመር ላኩልኝ፤ የሚያነቡትን ልጆች እኔ አመጣለሁ።