የስለት መብራት እንዴት ይሰቀል?

የትንሣኤ በዓል ሲቃረብ ከአዲስ አበባ፣ ከዱባይ፣ ከዋሽንግተንና ከዚሁ ከእስራኤል ከተሞች ወደ ኢየሩሳሌም የሚመጡ ተሳላሚዎች፣ ከጧፉና ከዕጣኑ ጋር በጥቅል የተጠመጠመ የኤልኢዲ መብራት ያስረክቡናል። አብዛኛው የስለት ስለሆነ «አንቀበልም» ማለት ይከብደናል። ይሁን እንጂ ባለፈው ዓመት የሆሣዕና ዋዜማ የደረሰብንን ሳንናገር ሌላ ጥቅል መቀበል አግባብ መስሎ አልታየንም።

በዚያች ሌሊት እያንዳንዳቸው 5 ሜትር የሆኑ 4 ጥብጣብ መብራቶችን ጫፍ ለጫፍ ቀጥለን በእንግዳ ማረፊያው መተላለፊያ፣ ከመጋረጃው በላይ ለጥፈናቸው ነበር። ፓወር ሰፕላዩ ትልቅ ስለነበር ሥራው የተጠናቀቀ መሰለን። የመጨረሻው ጥብጣብ መደብዘዙን አይተን እንኳ «ርካሽ ዕቃ ነው» ብለን አለፍነው። ማኅሌቱ ከተጀመረ በኋላ አንድ አባት መቋሚያቸውን ሊያመጡ ወጡ። ዕጣን በማይለየው ግቢ የሚቃጠል ፕላስቲክ ሽታ ቶሎ አይታወቅም፤ እርሳቸው ግን ለዩት። የመጀመሪያው መጋጠሚያ ጠቁሮ፣ የመጋረጃው ጠርዝ መኮማተር ጀምሮ ነበር። ከመጋረጃው ጀርባ አረጋውያንና ሕፃናት የያዙ እናቶች ተኝተዋል።

እሳት በዚህች ከተማ ምን እንደሚያደርግ የማያውቅ የለም። የጌታችን መቃብር የሚገኝበት ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1808 ሲቃጠል ከመቃብሩ በላይ ያለው ጉልላት ፈርሷል።

«12 ቮልት ብቻ ነው፤ ምን ያደርጋል?» የሚል ሰው ብዙ ነው፤ እኛም ብለነዋል። 12 ቮልት በደረቅ እጅ ቢነኩት አይነዝርም። ሽቦን የሚያግለው ግን በውስጡ የሚያልፈው አምፔር ነው። በብዛት የሚመጣልን ዓይነት በሜትር 14.4 ዋት ይወስዳል፤ 5 ሜትሩ 72 ዋት፣ ማለትም በ12 ቮልት 6 አምፔር ነው። አራቱ ሲቀጣጠሉ የ24 አምፔር ጭነት ይሆናሉ፤ ይህም ሁሉ በመጀመሪያው ጥብጣብ ስስ የመዳብ ንጣፍ በኩል ማለፍ አለበት። የበዓልን ሰልፍ በሙሉ በአንዲት ጠባብ በር እንደ ማስገባት ነው። የፓወር ሰፕላዩ ትልቅነትም አላዳነንም፤ እንዲያውም የሚያግለውን ኃይል ሳይቆርጥ አቀረበ።

መፍትሔው እያንዳንዱ ጥብጣብ ከፓወር ሰፕላዩ በቀጥታ የራሱ ሽቦ እንዲኖረው ማድረግ ነው፤ የኤሌክትሪክ ባለሙያዎች ትይዩ አገናኝ ይሉታል። በየሽቦው መነሻ 7.5 አምፔር ፊውዝ ይገባል፤ አንዱ ቢበላሽ የእርሱ ብቻ ይቋረጣል። ለ4ቱ የሚያስፈልገው 288 ዋት ቢሆንም ፓወር ሰፕላይ እስከ ጥግ መጫን ስለሌለበት፣ ለሁለት ሁለት ከፍለን ባለ 200 ዋት ሁለት አድርገናል። የሁለቱ መውጫዎች ግን እርስ በርስ መገናኘት የለባቸውም።

ርቀትም ይቆጠራል። 6 አምፔር በ1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ 10 ሜትር ርቆ ላለ ጥብጣብ ብንልክ 1.4 ቮልት ያህል በመንገድ ይጠፋል፤ ከ12ቱ ላይ ይህ ከአሥር እጅ በላይ ነው። ያው ዋት ያለው ባለ 24 ቮልት ጥብጣብ 3 አምፔር ብቻ ስለሚፈልግ የሚጠፋው 0.7 ቮልት፣ ከመቶ ሦስት እጅ ገደማ ነው። ስለዚህ ገና ያልገዛችሁ ባለ 24ቱን ብትመርጡ ደስ ይለናል። ባለ 12ቱን ከ24 ቮልት ጋር ማገናኘት ግን ወዲያው ያቃጥለዋል።

ከአሜሪካ ለምትመጡ፦ ፓወር ሰፕላዩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ካልተጻፈበትና ለ120 ብቻ የተሠራ ከሆነ፣ በዚህ አገር 230 ቮልት ላይ አይሰካም። ያለ ፓወር ሰፕላይ በቀጥታ ሶኬት ላይ የሚሰካውን ባለ 220 ቮልት ጥብጣብ ደግሞ ከእንግዲህ አንቀበልም፤ የተቆረጠ ጫፉ ሰው ይገድላል።

ጥብጣቡን ለመሞከር ብላችሁ እንደተጠቀለለ ለረጅም ጊዜ አታብሩት፤ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ሲሰቀልም ከጨርቅና ከደረቅ እንጨት ርቆ በአሉሚኒየም ማቀፊያ ላይ ቢለጠፍ ይቀዘቅዛል፤ ፓወር ሰፕላዩም ከምንጣፍ ሥር ሳይሆን አየር በሚያገኝበት ቦታ ይቀመጥ። ለደጅ የሚሆነው ውኃ የማያስገባው ብቻ ነው፤ የኢየሩሳሌም ክረምት ዝናብ የግድግዳ ስንጥቅ ሁሉ ያውቃል።

ስለዚህ የመጣውን መብራት ራሳችሁ ሳትሰቅሉ ለዕቃ ቤቱ አባት አስረክቡ። በ230 ቮልት በኩል ያለውን ሥራ ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይሠራል፤ ስለቱ የማን እንደሆነ በመዝገብ ይጻፋል። ጥብጣብ በበቂ ሁኔታ አለን፤ የጎደለን ሽቦ፣ ፊውዝና የአሉሚኒየም ማቀፊያ ነው። መብራት ለተሳላችሁ እነዚህም የስለቱ አካል ሆነው ይመዘገባሉ።