21 ሰከንድ ያስጠበቀኝ የመካነ ሰላም ፔንሲዮን

የአጎቴ ልጅ ከላላ ተወልዶ አድጎ፣ መካነ ሰላም ላይ ስምንት ክፍል ያለው ፔንሲዮን ከፍቷል። አራቱን ክፍሎች የጨመራቸው በብድር ነው። ብድሩ በየወሩ ይከፈላል፤ ክፍሎቹ ግን በየቀኑ አይያዙም። እሱም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ማታ ማታ ዩቲዩብ እያየ፣ በነፃ በሚገኝ መሥሪያ፣ በስልኩ ብቻ ዌብሳይት ሠራ። ሊንኩን ላከልኝና «በል እስኪ እየው፤ የጎደለ ካለ ንገረኝ» አለኝ።

አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ ሆኜ ከፈትኩት። ነጭ ስክሪን። አሁንም ነጭ ስክሪን። ደግሜ ስከፍተው ሰዓት ያዝኩ፤ 21 ሰከንድ ፈጀ። ከዚያ «እንኳን ደህና መጡ» የሚል ጽሑፍ እየተንሸራተተ መጣ፤ ከሥሩ የጽጌረዳ ፎቶ፣ ከጽጌረዳው ሥር የሚዞር ሰዓት፣ ከሰዓቱ ሥር ራዕይ፣ ተልዕኮና እሴቶች። (ይህቺን ነገር ከየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ነው የለመድናት መሰለኝ። ራዕይ አንብቦ አልጋ የያዘ እንግዳ እኔ አላጋጠመኝም።) አልጋው የት አለ? ስልክ ቁጥሩስ?

ጉግል በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ አንድ ገጽ በሞባይል ለመከፈት ከሦስት ሰከንድ በላይ ከወሰደ 53 በመቶው ጎብኚ ጥሎ ይወጣል። እኔ የቆየሁት ዘመዴ ስለሆነ ነው።

የመዘግየቱ ምክንያት ቀላል ነበር። አሥራ አራት ፎቶዎች ከስልኩ ካሜራ እንደወጡ ተጭነዋል፤ እያንዳንዳቸው ወደ 4 ሜጋባይት ይጠጋሉ። እንግዳው አንድ አልጋ ለማየት 50 ሜጋባይት በላይ ከፓኬጁ ይከፍላል ማለት ነው። ፎቶ መቀነሻ በነፃ ሞልቷል። እያንዳንዱን ከ200 ኪሎባይት በታች አወረድነው፤ በስልክ ሲታይ ልዩነቱ አይታወቅም። ጽጌረዳዋንም አሰናበትናት፤ ፔንሲዮኑ ግቢ ውስጥ ጽጌረዳ የለም።

ስልክ ቁጥሩን በኋላ አገኘሁት። ማተሚያ ቤት ያሠራው ባነር ፎቶ ላይ ነበር የተጻፈው። ፎቶ ላይ ያለ ቁጥር ሲነኩት አይደውልም፤ ወረቀት ፈልጎ መገልበጥ ነው። ከባነሩ ላይ የነበረውን ጽሑፍ ደግሞ በድሮ የግዕዝ ፎንት ከተጻፈ ፋይል ገልብጦ ስለለጠፈው፣ በኔ ስልክ ላይ የሚታየው የተዘበራረቀ የላቲን ፊደልና የሰረዝ ጋጋታ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቆይቷል፤ በስልክ ኪቦርድ እንደ አዲስ መጻፍ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው።

ከሁሉ ያሳቀኝ ግን አድራሻው ነው። «ቦረና» ይላል፤ ሌላ ነገር የለም። እውነት ነው፣ መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ከተማ ናት። ግን ቦረና ብሎ ጉግልን የሚጠይቅ ሰው ያቤሎ ነው የሚደርሰው። የደቡብ ወሎውን ቦረና የሚያውቀው የአካባቢው ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ ፔንሲዮን አይፈልግም፣ ቤቱ አለ። ስለዚህ «መካነ ሰላም፣ ደቡብ ወሎ» ተብሎ ተጻፈ፤ «መካነ ሠላም» እና «መካነሰላም» ብሎ የሚፈልግም ስላለ እነሱም ገጹ ላይ አንድ አንድ ቦታ ገቡ። በላቲን ፊደልም ጨመርንበት፤ ከውጭ የሚመጣ ዘመድና የቦረና ሳይንት ፓርክን ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ሊያጠና የሚመጣ ተመራማሪ በዚያ ነው የሚፈልገው።

ዋጋ ላይ ተጣላን። «ዋጋ ከጻፍኩ ጎረቤት አይቶ ይቀንሳል» አለ። እኔም ኢኮኖሚክስ የተማርኩበትን ሒሳብ ላወራርድ ብዬ አከርሎፍን አነሳሁበት። ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ስለ ያገለገሉ መኪኖች በጻፈው ጽሑፍ ያሳየው ነገር አለ፤ ገዢ ደህናውን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ለሁሉም በአማካይ ሒሳብ ነው የሚከፍለው። ደህና መኪና ያለው ሰው ከገበያ ይወጣል። በ2001 እ.ኤ.አ. ኖቤል ከተሸለሙት አንዱ በዚህ ነው። አልጋም እንደዚያው ነው። አንሶላህ ንጹሕ መሆኑን እንግዳው ካላወቀ፣ ቁንጫ ካለበት ቤት ጋር እኩል ነህ። ዋጋ የደበቀ ደግሞ ሰው አይቶ የሚጠራ ይመስላል።

«እሺ፣ ግን በየጊዜው እየተቀየረስ?» አለ። ይሄ እውነት አለው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ፣ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ፣ የሳሙናም የአንሶላም ዋጋ ባለበት አልቆመም። ከዋጋው ጎን «ዋጋው የታደሰበት ቀን» የሚል መስመር ጨመርንና ተስማማን።

ያኮብ ኒልሰን የሚባል የዌብሳይት አጠቃቀም ባለሙያ በ2000 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው፣ አምስት ሰው ብቻ ሲጠቀም ማየት አብዛኛውን ችግር ያወጣል። እኛም አምስት ሰው ፈለግን፤ ሦስቱን እኔ አዲስ አበባ፣ ሁለቱን እሱ እዚያው። ሕጉ አንድ ነው፤ ስልኩን ሰጥተህ «ዛሬ ማታ መካነ ሰላም ትገባለህ፣ አልጋ ያዝ» ትላለህ፣ ከዚያ ዝም ትላለህ። ዝም ማለቱ ነው ከባዱ።

የመጀመሪያዋ ጎረቤቴ ነበሩ፤ ልጃቸው መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ መካነ ሰላም ካምፓስ ተመድባለች። መነጽራቸውን አድርገው የአልጋውን ፎቶ ሦስት ጊዜ ነኩት። ምንም አልተከፈተም። «እትዬ፣ ወደታች ይውረዱ» ልል ስል ምላሴን ነከስኩ። ከዚያ ስልኩን አስቀምጠው ይጠይቁኝ ጀመር። «ውኃ አለ? መብራት ሲጠፋስ? ከመናኸሪያው ስንት ይርቃል? ሴት ብቻዋን ብታድርበት ጥሩ ነው?» ዌብሳይቱ ላይ አንዱም መልስ አልነበረም። ራዕዩ ነበር።

ሌላው ሞካሪ በቀን መቁጠሪያው ላይ ለመስከረም 20 አልጋ ያዝኩ አለ። መቁጠሪያው የፈረንጅ ስለነበር የያዘው ለሴፕቴምበር 20 ነው፤ ማለትም ለመስከረም 10። እንግዳው ሲደርስ ክፍሉ አሥር ቀን አልፎታል። ቅጹን ጠቅላላ አወጣነው። በምትኩ ሲነኩት የሚደውል ቁጥርና ቀብድ በቴሌብር መላክ የሚቻልበት መስመር ገባ። መግቢያ ሰዓቱም «ከቀኑ 6 ሰዓት» ተብሎ ተጻፈ፤ ለውጭ ሰው ደግሞ በነሱ 12 ሰዓት መሆኑ ተጨመረ።

አንድ ነገር እሱ ራሱ አሰበ። በ2015 በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ ለወራት አልተመለሰም፤ ያኔ ቴሌግራም ላይ የነበሩት ደንበኞቹ ሁሉ ጠፉበት። ስለዚህ ዌብሳይቱ እሱ ባይገባበትም የሚሠራ መሆን አለበት አለ። «ክፍል አለ/የለም» የሚለውን በየቀኑ መቀየር የሚጠይቀውን ክፍል አወጣው፤ ኢንተርኔት የማይፈልገው ስልክ ጥሪ ይበቃል። ስለ መንገዱም «ከመነሳትዎ በፊት ይደውሉልን» ብቻ ነው የጻፈው። የዛሬውን መንገድ ዌብሳይት አያውቀውም።

አዲሱ ገጽ በኔ ስልክ በአራት ሰከንድ ይከፈታል። መጀመሪያ የሚታየው የአልጋ ፎቶ፣ ዋጋና ስልክ ነው፤ ቀጥሎ የጎረቤቴ አራት ጥያቄዎች ከነመልሳቸው። ራዕይና ተልዕኮን ላስወጣው አልቻልኩም፤ ታች ድረስ ወርዶ የሚያገኘው ካለ ያንብበው ብለን ተውነው።

ባለፈው ሳምንት ደወለልኝ። ከአዲስ አበባ አንዲት እናት ገጹን አይታ ደውላለች። «ውኃ አለ ብላችሁ ጽፋችኋል፤ ሙቅ ነው ቀዝቃዛ?» ብላ ጠየቀችው። ለሁለት ሌሊት ይዛለች፤ እሱም «ሙቅ ውኃ ከማታ 12 እስከ 3 ሰዓት» የሚል መስመር ሲጨምር አመሸ።