የእጅ ስልክዎን ማንበብ ያውቃሉን?

አንባቢ ሆይ፤ በእጅዎ የሚይዙትን ስልክ ግንባር አስተውለው ተመልክተው ያውቃሉን? ቁጥር ከሚጻፍበት ሥፍራ በላይ፣ በመስተዋቱ ጫፍ ላይ፣ ከስንዴ ቅንጣት የማይበልጡ ምልክቶች በአንድ መስመር ተሰልፈው ይታያሉ። ብዙዎቻችን እንደ ጌጥ እንቈጥራቸዋለን። ዳሩ ግን ጌጥ አይደሉም፤ ስልኩ ያለ ድምፅ የሚናገርባቸው ፊደሎች ናቸው። ፊደል ያልቈጠረ ሰው ደብዳቤውን ለሌላ ሰጥቶ እንደሚያስነብብ ሁሉ፣ እነዚህንም የማያውቅ ሰው ስልኩን ለሌላ አሳልፎ ይሰጣል። በዛሬው ጊዜ ደግሞ ከስልኩ ጋር ምስጢሩንና ገንዘቡንም አብሮ መስጠቱ ነው።

እኔ የምኖረው በአዲስ አበባ፣ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ቡልጋሪያ እየተባለ በሚጠራው ሠፈር ነው። ሥራዬ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ማስተማር ሲሆን፣ ከዚያ ውጭ ማንም ሳይሾመኝ የሠፈሩ የስልክ መልእክት አንባቢ ሆኛለሁ። ማታ ከትምህርት ቤት ስመለስ በበራቸው ተቀምጠው የሚጠብቁኝ እናቶች አሉ። «አንተ መምህር፣ እስቲ ይችን እያት፤ ጮኻ ጮኻ ዝም አለች» ይሉኛል፣ ስልካቸውን ከመቀነታቸው እየፈቱ። የሚበዛው ባለ ቁልፍ ስልክ ነው፤ በቁልፎቹ ላይ የነበረው ቁጥር ከመነካት ብዛት ጠፍቶ በልምድ ብቻ የሚሠራበት። መልእክቱም አንዳንዴ የእቁብ ማስታወሻ፣ አንዳንዴ ልጃቸው የላከችው ገንዘብ መድረሱን የሚያበሥር፣ ብዙውን ጊዜ ግን ማንም ያልጠየቀው ማስታወቂያ ይሆናል።

እንዲህ ያለው ችግር በእኛ አልተጀመረም። አል ግሮስ የሚባል አሜሪካዊ ፈልሳፊ በ1949 እ.ኤ.አ. ፔጀር የተባለችውን የጥሪ መሣሪያ ሠርቶ ነበር፤ በማግሥቱም ዓመት በኒው ዮርክ ከተማ በአንድ ሆስፒታል ሐኪሞች ይገለገሉባት ጀመር። ፔጀር ትጮኻለች እንጂ መልስ አትሰጥም፤ ሐኪሙ ድምፅዋን ሲሰማ ወደ ቅርብ ስልክ ሮጦ «ማን ፈለገኝ?» ማለት ነበረበት። በ1995 እ.ኤ.አ. ሞቶሮላ «ታንጎ» ብሎ የሰየማትን፣ መልእክት ተቀብላ መልስም የምትልክ ፔጀር ለገበያ አቀረበ። ያን ጊዜ ነገሩ ተለወጠ። መሣሪያዪቱ መልስ መላክ ስለ ቻለች ባለቤቷ ዝርዝር ከፍቶ መምረጥ፣ የምልክቶቹንም ትርጕም መለየት ግድ ሆነበት። አንድ መሣሪያ ከመጮኽ አልፎ መነጋገር ሲጀምር ተጠቃሚውን ተማሪ ያደርገዋል።

በእኛ ሠፈር ፔጀር በወገቡ አንጠልጥሎ የኖረ ሰው አላጋጠመኝም። የፔጀሩን ሥራ ግን አሳምረን እንሠራለን፤ «ሚስኮል» እንለዋለን። አንድ ጊዜ አስጩኾ መዝጋት «ደርሻለሁ» ማለት ነው፤ ሁለት ጊዜ ከሆነ «በር ላይ ነኝ፣ ውጣ»። ይህን ቋንቋ ያስተማረን የለም፤ ሒሳብ መቈጠብ ያወጣው ነው። በአገራችን የእጅ ስልክ በሚያዝያ 1991 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ የጽሑፍ መልእክት ከ1997ቱ ምርጫ ቀጥሎ ተዘግቶ እስከ መስከረም 2000 ዓ.ም. ድረስ ከሁለት ዓመት በላይ መቆየቱም ለሚስኮል ልምድ ሳይረዳው የቀረ አይመስለኝም። አሁንም ሒሳብ ያለቀበት ሰው ኮከብ፣ 807፣ ኮከብ፣ የሚፈልገውን ሰው ቁጥርና መሰላል ቢነካ «ይደውሉልኝ» የሚል መልእክት ይላክለታል። ከፔጀር ምን ይለየዋል?

ወደ ምልክቶቹ እንመለስ። በአንድ ወገን እንደ ደረጃ ከፍ ከፍ እያሉ የሚቆሙት ዘንጎች የኔትዎርኩን ብርታት ያሳያሉ። በሌላው ወገን ያለው ባትሪ ነው፤ እርሱን ሁሉም ያውቃል፣ ብዙ ማለት አያሻም። (ያረጀ ባትሪ ግን ይዋሻል፤ ሙሉ ነኝ ብሎ በአንድ ጥሪ መካከል ይሞታል።) የተዘጋች ፖስታ ያልተነበበ መልእክት አለ ማለት ነው። በቀድሞዎቹ የኖኪያ ስልኮች ላይ ፖስታዋ ብልጭ ድርግም ካለች ግን ትርጕሟ ሌላ ነው፤ የመልእክት ማኖሪያው ሞልቷልና አሮጌውን ካላጠፉ አዲስ አልቀበልም ትላለች። አንድ ጎረቤቴ ይህችን ብልጭታ ለሳምንታት ሲያያት ኖሮ «ስልኬ ዐይኗን ታመመች» ይል ነበር። ከማኖሪያው ውስጥ ከመቶ በላይ ማስታወቂያ ካጠፋንለት በኋላ ተከማችተው የቆዩት መልእክቶች ተከታትለው ገቡ፤ ከነርሱም አንዱ የእድሩ የለቅሶ ጥሪ ነበር፤ ቀብሩ ካለፈ በኋላ!

የተሰረዘች ደወል ስልኩ ድምፁን እንዲያጠፋ መታዘዙን ትነግራለች። ቁልፍ ወይም ጓጕንቸር ሲታይ የስልኩ ቁልፎች ተቈልፈዋል። አውሮፕላን ሲታይ ደግሞ ስልኩ ከኔትዎርክ ጨርሶ ተለይቷል፤ መደወልም መደወልለትም አይቻልም። በዚህች አውሮፕላን የደረሰውን ልንገርዎ። ልጃቸው ቤሩት የምትሠራ አንዲት እናት ሦስት ቀን ሙሉ ስልካቸው ስላልጮኸ ልጄ ምን አገኛት እያሉ እህል አልቀምስ ብለው ሰነበቱ። ስልኩን ሳየው አውሮፕላኗ ከግንባሩ ላይ ተቀምጣለች፤ የልጅ ልጃቸው ሲጫወትበት ነክቶታል። «እማማ፣ ይችን ምልክት አላዩዋትም ኖሯል?» ብላቸው፣ «እንዴት አላያትም ልጄ! አውሮፕላን አይደለች? ልጄ ልትመጣ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር እንጂ» አሉኝ። አውሮፕላኗን ባጠፋናት በአሥር ደቂቃ ውስጥ ቤሩት ደወለች።

ከሁሉ ይልቅ ሊታወቅ የሚገባው፣ ሰዎች ግን ከሁሉ ያነሰ የሚያስተውሉት ምልክት የተጠማዘዘው ቀስት ነው። ይህ ቀስት በብዙ ስልኮች ላይ ለእርስዎ የሚደወለው ጥሪ ወደ ሌላ ቁጥር እንዲዞር ታዝዟል ማለት ነው። እርስዎ አዘውት እንደ ሆነ መልካም፤ አላዘዙትም እንደ ሆነ ግን ያዘዘው ሌላ ሰው ነው። «ሽልማት ደርሶዎታል፣ ይህን ቁጥር ይንኩ» እያለ የሚደውል አጭበርባሪ ከሚያስነካቸው ቁጥሮች መካከል ጥሪ ማዞሪያ ይገኝበታል፤ በኮከብ 21 ኮከብ የሚጀምረው ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ##002# ነክተው ቢደውሉ ሁሉም የዞረ ጥሪ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ይህም በአንድ ኩባንያ ብቻ የሚሠራ ሳይሆን የእጅ ስልክ ዓለም አቀፍ ደንብ ያወጣው ነው።

መልእክት መጻፍንም በሚመለከት፣ የቋንቋ መምህር ባልሆንም የምለው አለኝ። በላቲን ፊደል የተጻፈ አንድ መልእክት እስከ 160 ፊደል ይይዛል፤ በአማርኛ ፊደል ከተጻፈ ግን ልኩ 70 ነው፤ ከዚያ ካለፈ እንደ ሁለት መልእክት ይቈጠራል። ምክንያቱም መልእክቱ የተነደፈው ለላቲን ፊደል በመሆኑ፣ የእኛ ፊደል የሚጓዘው ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ መሠረት ሰፋ ያለ ቦታ ይዞ ስለ ሆነ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሰምቶ በላቲን ፊደል አማርኛ ይጽፋል። እኔ ግን ሒሳቡን አልቀበለውም። «ሰላም» በእኛ ሦስት ፊደል ነው፤ በላቲን አምስት ይሆናል። የግዕዝ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ላይ ስለሚሸከም፣ ሰባው ቦታ እንደሚመስለው ጠባብ አይደለም። እናት የማታነበው መልእክት ደግሞ በነጻም ቢላክ ውድ ነው።

አሁን ወደ ዝርዝሩ፣ ሜኑ ወደምንለው እንግባ። የስልክ አገልግሎት በሁለት መንገድ ያነጋግረናል። አንደኛው የጽሑፍ መልእክት ሲሆን እንደ ደብዳቤ ነው፤ ስልክዎ ተዘግቶ ቢሆን እንኳ ማዕከሉ ይዞት ይቆይና ሲከፍቱ ያደርስልዎታል። ሁለተኛው በኮከብ ጀምሮ በመሰላል የሚያልቀው ነው፤ እርሱ እንደ ፊት ለፊት ንግግር ነው። ቀሪ ሒሳብ ለማየት *804#፣ ልዩ ልዩ የኢትዮ ቴሌኮም አገልግሎቶችን ለማግኘት *999#፣ ለቴሌብር *127# ሲነኩ፣ ከማዕከሉ ጋር በዚያች ቅጽበት መስመር ይከፈታል። ጥያቄውም በቁጥር ተዘርዝሮ ይመጣል፤ «1» ብለው ይመልሳሉ፤ ሌላ ዝርዝር ይከተላል። ኢንተርኔት አይጠይቅም፤ ርካሽ የሆነው ባለ ቁልፍ ስልክ ይበቃዋል። ግን እንደ ንግግር ስለ ሆነ ዝም ሲሉት ይዘጋል። መነጽራቸውን እስኪያመጡ ድረስ ዝርዝሩ የጠፋባቸው አዛውንት «ረገመኝ» ይላሉ፤ አልረገመዎትም፣ ጠብቆ ሰለቸው እንጂ። እንደ ገና መነካት ነው።

ማንበብ የማይችሉ ብዙ ሰዎች መንገዱን በቃል ይይዛሉ፤ «አንድ፣ አንድ፣ ሁለት» እያሉ እንደ ዳዊት ይደግሙታል። አደንቃቸዋለሁ፤ ዳሩ ግን ዝርዝሩ አንድ ቀን ሲታደስና ሁለተኛው ወደ ሦስተኛ ሲወርድ ጣታቸው የለመደው መንገድ ሌላ ቤት ያደርሳቸዋል። ስለዚህ ቢያንስ ሦስት ቃል በዐይን መለየት ይገባል፤ «ላክ»፣ «ሒሳብ»ና «ምስጢር ቁጥር»። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሠራ አማርኛን ጨምሮ በአምስት ቋንቋ ስለ ቀረበ፣ ዝርዝሩ በእንግሊዝኛ ቢመጣብዎት ከቋንቋ ምርጫው ማዛወር ይችላሉ። ስንቱ ሰው የገዛ ቋንቋው በአንድ ቁጥር ርቀት ተቀምጦለት በባዕድ ቋንቋ ሲጨነቅ አይቻለሁ!

ምስጢር ቁጥሩ ላይ ስንደርስ ነገሩ ይጠነክራል። በሠፈራችን አንድ የሱቅ ልጅ አለ፤ የግማሽ መንደሩን ምስጢር ቁጥር በቃሉ ያውቃል። ታማኝ ልጅ ነው፤ አንድም ብር ጐደለብኝ ያለ ሰው የለም። ግን ምስጢር ቁጥር ለታማኝ ሰውም የሚሰጥ አይደለም፤ ልጁ ነገ ሥራ ቢለቅ ወይም ስልኩ አጠገብ ሌላ ሰው ቆሞ ቢሰማስ? ካዛንቺስን ያስቡ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሠፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ብዙ ነዋሪ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎችም ሥፍራዎች ተዛወረ። መልእክት የሚያነብላቸው የጎረቤት ልጅ በአንድ አቅጣጫ፣ ሒሳብ የሚሞላላቸው ባለሱቅ በሌላው ሄደ። እድሩና እቁቡ በስልክ ሲያያዝ፣ ስልኩን ራሳቸው ማንበብ የማይችሉት እናቶች ምስጢራቸውን በአዲሱ ሠፈር ለማያውቁት ሰው እንደ ገና ሊሰጡ ግድ ሆነ። እኛ ቡልጋሪያ ያለነው ይህን አይተን ብንማር ደግ ነው።

አጭበርባሪውም የሚጠብቀው እንዲህ ያለውን ሰው ነው። «በስሕተት ሁለት ሺሕ ብር ልኬብዎታለሁ፣ እባክዎ ይመልሱልኝ» ይላል፤ ገንዘብ ገባ የሚል መልእክትም ይደርሳል። አንባቢ ሆይ፤ መልእክቱን ሳይሆን የላኪውን ቁጥር ይመልከቱ። የቴሌብር መልእክት 127 ከሚለው ይመጣል፤ በ09 ከሚጀምር ከተራ ሰው ቁጥር የመጣ እንደ ሆነ ሐሰት ነው። ከዚያም *127# ነክተው ቀሪ ሒሳብዎን በራስዎ ዐይን ይዩ። ካልጨመረ የሚመለስ ነገር የለም። የልመናው ድምፅ የቱንም ያህል የሚያሳዝን ቢሆን!

የሲም ካርዱም መቈለፊያ ቁጥር አለው። ይህን ሦስት ጊዜ ተሳስተው ቢያስገቡት ካርዱ ይቈለፍና ስምንት አሐዝ ያለውን የመክፈቻ ቁጥር ይጠይቃል። ያም ካርዱ ሲገዛ አብሮ በሚሰጠው ወረቀት ላይ ይገኛል፤ ወረቀቱን አይጣሉ። መክፈቻውን አሥር ጊዜ የተሳሳተ ሰው ካርዱን ለዘለዓለም ያጣዋል፤ ስለዚህ በግምት አይሞክሩ።

ከጥቂት ወራት ወዲህ እሑድ እሑድ ከእድሩ ስብሰባ በኋላ ለፈቀዱ ሁሉ እነዚህን ምልክቶች በጠመኔ እየሣልሁ አሳያለሁ። ሰሌዳው የድንኳን ማስቀመጫው የቈርቈሮ በር ነው። ፖስታ፣ ደወል፣ አውሮፕላን፣ ቀስት፤ በአንድ እሑድ ከነዚህ አይበልጥም። ባለፈው ጊዜ በሰባዎቹ ዕድሜ ያሉ አንዲት እናት *127# በራሳቸው ጣት ነክተው ዝርዝሩን አንድ በአንድ እየለዩ ምስጢር ቁጥር እስከሚጠየቅበት ድረስ ደረሱ። እኔም በትከሻቸው በኩል አጎንብሼ ስመለከት ነበር። ስልኩን በነጠላቸው ጫፍ ከለል አደረጉና ቀና ብለው አዩኝ።

«መምህር፣ እስቲ ዞር በልልኝ» አሉ።

ዞር አልሁላቸው።