የአያትና የልጅ ልጅ ፍርሃት

ሰዎች ክትባትን ስለ ምን እንቢ ይላሉ ተብሎ በሚጠየቅበት ጊዜ ዘወትር የሚሰጠው መልስ «የግንዛቤ ማነስ ነው» የሚል ነው፤ እኔ ግን በጤና ጣቢያ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ሆኜ ሳገለግል፣ በኮቪድ ወረርሽኝ ዘመን ደግሞ ከክትባት ቡድን ጋር ወደ ትምህርት ቤቶች እየተላክሁ ስሠራ ካየሁት ተነሥቼ፣ መርፌውን እንቢ ያለ ሁሉ ያልገባው፣ እሺ ያለም ሁሉ የተረዳ አለመሆኑን፣ ይልቁንም በብዙ ቤት የእሺታውና የእንቢታው ሥር አንዱ የቤተ ሰብ አባል ስለ ሌላው የሚፈራውና አውጥቶ ያልነገረው ፍርሃት እንደ ሆነ ለመመስከር እደፍራለሁ።

ዘመኑን አንባቢ አይረሳውም። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ ሕመምተኛ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ፤ በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ስልክ በደወልን ቁጥር ከጥሪው ድምፅ ቀድሞ እጃችሁን ታጠቡ፣ ርቀታችሁን ጠብቁ የሚለው ተግሣጽ በጆሯችን ይገባ ጀመር፤ ሚያዝያ 11 ቀን የዋለውንም ፋሲካ ብዙዎች ምእመናን ከቅዳሴው ርቀው በየቤታቸው አሳለፉት። አዋቂው ከዚህ በፊት ያየውን ሌላ መከራ እያስታወሰ ይህንንም እናልፈዋለን ለማለት ይችል ነበር፤ የዐሥራ አራት ዓመቱ ልጅ ግን ጓደኛው፣ መምህሩና የፈተናው ተስፋ ባንድ ሳምንት ከእጁ ከወጡ በኋላ በምትካቸው የተሰጠው ቃል «አንተ ባትታመምም በሽታውን ወደ ቤት ይዘህ ገብተህ ሽማግሌ ልትገድል ትችላለህ» የሚል ነበር። በሕክምና ረገድ ቃሉ ሐሰት አልነበረም፤ ዳሩ ግን እንዲህ ያለውን ኃላፊነት በልጅ ጫንቃ ላይ ከጫንን በኋላ ተመልሶ እንዴት ቻልኸው ብሎ የጠየቀው ሰው እጅግ ጥቂት ነው።

በ2013 ዓ.ም. መባቻ ትምህርት ቤቶች ተራ በተራ ሲከፈቱ፣ የስምንተኛ ክፍል ፈተናዋን ትጠባበቅ የነበረች አንዲት ልጅ በአያትዋ እጅ ተይዛ ወደ ክፍሌ መጣች። «ሲስተር ልጄ፣ ይህች ልጅ ጠላችኝ» አሉኝ አያቲቱ፤ «ከመሶቤ አትቆርስም፣ ጉርሻዬን አትቀበልም፣ ከጎኔ ታድር የነበረች ልጅ ዛሬ ደጃፉ ሥር አንጥፋ ትተኛለች።» ዓይነ ጥላ ይሆናል ብለው ጸበል አስጠምቀዋት ነበር፤ እኔም መልካም አድርገዋል አልሁ፣ ምክንያቱም በጸበል የተጽናናን ሰው ከጸበሉ ለመለየት የሚጥር ባለሙያ ሕመምተኛውን ከማጣት በቀር የሚያተርፈው ነገር የለም። ልጅቱን ለብቻዋ ባነጋገርኋት ጊዜ የእጆችዋ ቆዳ ከሳሙናና ከሳኒታይዘር ብዛት ተሰነጣጥቆ አየሁ፤ ሌሊት ደጃፉ ሥር የምትተኛውም የአያትዋን ትንፋሽ ከሩቅ ለመስማት እንጂ ጠልታቸው አልነበረም። እናትዋ በቤይሩት የቤት ሠራተኛ ናት፤ ጊዜው ደግሞ የሊባኖስ ገንዘብ የወደቀበት፣ አንዳንድ አሠሪዎች ደመወዝ መክፈል አቅቷቸው የኢትዮጵያ ሴቶችን በቆንስላው ደጅ ጥለው የሄዱበት፣ ሐምሌ 28 ቀንም የቤይሩት ወደብ የፈነዳበት ዓመት ነበር። ከአያትዋ በቀር የሚሰበስባት እንደሌለ ልጅቱ ዐውቃዋለች፤ ይህን ሁሉ በልብዋ ይዛ በአንድ ማዕድ መቅረብን እንደ ነፍስ ግድያ ቈጠረችው፤ አያቲቱ ደግሞ ጉርሻ መመለስን ከንቀት በቀር ሌላ ትርጓሜ ሊሰጡት አልቻሉም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ፣ በወረርሽኙ የመጀመሪያ ዓመት ጭንቀትና ድብርት በዓለም ዙሪያ 25 በመቶ ያህል መጨመራቸውን፣ ከባዱም ጫና የወደቀው በወጣቶችና በሴቶች ላይ መሆኑን አስታውቋል። ከአእምሮ ሕመሞች እኩሌታው ገና ከ14 ዓመት ዕድሜ በፊት እንደሚጀምር ቀድሞም የታወቀ ነው። በእኛ ጤና ጣቢያ ግን በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ በራሱ እግር መጥቶ ተጨነቅሁ ሲል ሰምቼ አላውቅም፤ የሚመጣው ራሴን አመመኝ፣ ሆዴን ቈረጠኝ፣ እንቅልፍ እንቢ አለኝ እያለ፣ ያውም ሌላ ሰው አስገድዶ ሲያመጣው ነው።

ኅዳር 7 ቀን 2014 ዓ.ም. ጤና ሚኒስቴር ዕድሜያቸው ከ12 ዓመት ጀምሮ ያሉትን ሁሉ የሚያካትት የኮቪድ ክትባት ዘመቻ ሲከፍት፣ በክትትሌ ሥር የቆየችው ይህች ልጅ ከማንም ቀድማ ልትወጋ ፈለገች፤ አያቲቱ ከለከሉ። ምክንያታቸውን ስጠይቅ በመጀመሪያ የሰማሁት በሰፈሩ ሁሉ የሚዞረው ወሬ ነበር፤ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ይሰጥ በነበረው የማኅፀን በር ካንሰር ክትባት ላይ የተነዛው «ሊያመክኗቸው ነው» የሚለው ወሬ ልብሱን ለውጦ ወደ ኮቪዱ ክትባት ተሻግሮ ነበርና። በዚህ ስፍራ ቆሜ ወሬውን በማስረጃ ብረታ ኖሮ፣ አያቲቱ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰምተውኝ ወደ ቤታቸው በሄዱ ነበር። ጥቂት ዝም ብዬ ብጠብቃቸው ግን እንዲህ አሉኝ፦ «ለራሴ ቢሆን ዛሬውኑ ውጊኝ እልሽ ነበር፤ እሷ ግን አደራ ናት፤ እናትዋ ስትመጣ አንድ ነገር ሆና ብታገኛት ምን ብዬ እመልሳለሁ?»

አደራ ጠባቂነት ከወላጅነት የጠነከረ ጥንቃቄ እንደሚወልድ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ አስተውያለሁ። እናትና አባት በገዛ ልጃቸው ይወስናሉ፤ አያት፣ አክስት፣ ታላቅ እኅት ግን ነገ መልስ የሚሰጡበትን የሌላ ሰው ልጅ ይዘው ነው የሚወስኑት፤ ከአደጋ ሁሉ የሚመርጡትም በእነርሱ እሺታ ያልመጣውን አደጋ ነው፤ በሽታ ቢመጣ ከእግዚአብሔር ነው ይባላል፣ በመርፌው የመጣ የመሰለ ነገር ቢኖር ግን ፈቃድ የሰጠው ሰው ይጠየቅበታል። እናት በቤይሩት፣ በጅዳ፣ በኩዌት፣ በዱባይ ያለችበት ቤት በሞላበት ሰፈር ይህን ሳያውቁ ስለ ክትባት ማስተማር በድምፅ ማጉያ ጮኾ መመለስ ነው።

ስለዚህ በኢሞ ወደ እናትየዋ እንዲደወል ጠየቅሁ። እናቲቱ እዚያው ተከትባ ስለ ነበር «እኔም ተወግቻለሁ፣ ትወጋ፣ እማዬ አንቺም ተወጊ» አለች፤ የአያቲቱን ልብ የመለሰው ግን ይህ ፈቃድ ብቻ አይመስለኝም። ልጅቱ ስልኩ ሳይዘጋ፣ በሁለቱም ፊት፣ «እኔ የፈራሁት ለራሴ አይደለም፣ ከትምህርት ቤት ይዤባት እንዳልመጣ ነው» ብላ ስታለቅስ፣ አያቲቱ ያ ሁሉ የመሶብ ጠብ ከምን እንደ መጣ በዚያች ሰዓት ገና ተረዱ። ሁለቱም ባንድ ቀን ተከተቡ። ክትባቱ የልጅቱን ጭንቀት አላዳነውም፤ እጅ መታጠቡ ለብዙ ወራት ቀጥሎ ነበር፣ እየቀነሰ የሄደውም ቀስ በቀስ በምክር ነው፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ ምክሩን የምንሠራው ሦስት ሆነን ነበር።

አያቲቱ እጅጌያቸውን በሰበሰቡ ጊዜ የፈንጣጣ ክትባት ጠባሳ በክንዳቸው አየሁ። ፈንጣጣን ከአገራችን የማጥፋት ዘመቻ በ1963 ዓ.ም. ተጀምሮ የመጨረሻው ሕመምተኛ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በኦጋዴን እስኪገኝ ድረስ ከታቢዎች በእግርና በበቅሎ አገር ለአገር ሲዞሩ፣ በዚያም ዘመን ብዙ ቦታ እንቢታ ገጥሟቸዋል። እርሳቸው ስለ ምን እሺ እንዳሉ ብጠይቃቸው ፈንጣጣ ፊቱን የቦረቦረው ጎረቤት ነበረን አሉኝ። ኮቪድ በሰው ፊት ላይ የሚነበብ ምልክት አልተወም፤ ስለዚህም ለዛሬው ወጣት የበሽታው አስረጅ ሌላ ሰው የሚያወራው ወሬ ብቻ ሆኖ ቀረ፤ ወሬውን ደግሞ የሚያገኘው ከእኛ ሳይሆን ከቴሌግራምና ከቲክቶክ ነው።

ወንዶች ልጆችን በሚመለከት ያየሁት ሌላ ነው፤ እነርሱ እንቢ አይሉም፣ በክትባቱ ቀን ይጠፋሉ፤ ኀዘናቸውም በእንባ ሳይሆን በቁጣና በጫት ይወጣል። ስለ እነርሱ የማውቀው ጥቂት ስለ ሆነ ብዙ አልናገርም።

በትምህርት ቤት ውስጥ ስለሚሆነው ግን መናገር ግዴታዬ ነው። በአንድ ክፍል አንዲት ልጅ መርፌ ፊት ቆማ ራስዋን ስትስት፣ ሰልፉ ላይ ያሉት እርስዋን አይተው ይወድቃሉ፤ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ወላጆች ከአጥር ውጭ ይሰበሰባሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ከመድኃኒቱ ሳይሆን ከመወጋቱ ጭንቀት የሚመጣ ምላሽ መሆኑን በይፋ ገልጾ መመሪያ ያወጣው በ2019 እ.ኤ.አ. ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. በኮሎምቢያ፣ ኤል ካርመን ዴ ቦሊቫር በምትባል ከተማ፣ የማኅፀን በር ካንሰር ክትባት የወሰዱ በመቶ የሚቈጠሩ ልጃገረዶች ራሳቸውን እየሳቱ ሆስፒታል ገብተው ነበር፤ ምርመራው በክትባቱ ላይ ጥፋት አላገኘም፤ ሆኖም በዚያ አገር የክትባቱ ተቀባይነት ክፉኛ ወደቀ። የእነዚያ ልጆች ሕመም ሐሰት አልነበረም። የወደቀችን ልጅ «አታስመስዪ» ብሎ መገሠጽ ሁለት ጊዜ መበደል ነው፤ እርስዋን በጭንቀትዋ ላይ ብቻዋን ይተዋታል፣ ወላጅዋንም የሚሰውሩት ነገር አለ ያሰኘዋል። ልጆቹን ከሰልፉ ዓይን ለይቶ፣ አስቀምጦ ወይም አስተኝቶ መከተብ፣ ከዚያም ሩብ ሰዓት ያህል አብሮ መቈየት ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር ነው፤ የሚጠይቀው ጊዜ ነው፤ ጊዜውን ደግሞ በቀን ስንት ክንድ ወጋችሁ የሚለው የሪፖርት ቅጽ ይወስደዋል። ቅጹ ስንት ልጅ ከመወጋቱ በፊት ተነጋገረ የሚል ዓምድ እንዲኖረው አለቆቼን ለምኛለሁ፣ ዛሬም እለምናለሁ።

ወላጅን ለማስፈቀድ የሚላከውም ወረቀት እንዲሁ መታረም አለበት። ማለዳ ተሰጥቶ ከሰዓት የሚሰበሰብ ወረቀት፣ «የወላጅ ፊርማ» ከሚል ባዶ መሥመር በቀር ሌላ የሌለው፣ አደራ ጠባቂዋን አያት በሐሰት ወይም በእንቢታ እንድትመልስ ያስገድዳታል። ዓርብ ቢሰጥና ሰኞ ቢመለስ፣ ልጁን የሚያሳድገው ሰው በገዛ ስሙ የሚፈርምበትና የሚፈራውን የሚጽፍበት፣ ልጁም እንቅልፉንና ሐሳቡን ለብቻው የሚጽፍበት ስፍራ ቢኖረው፣ በሁለቱ ቀናት ውስጥ ወደ ቤይሩትም ወደ ጅዳም ይደወላል፤ ሰኞ እንቢ የሚል ቃል ይዞ ቢመለስ እንኳ ምክንያቱ ስለሚጻፍበት፣ ወደ የትኛው ቤት ማን እንደሚሄድና ስለ ምን እንደሚነጋገር እናውቃለን።