ቡላ ከኬኩ መሃል

ሚሊፎኒ የበላችሁ ሁሉ ከስተርድን ታውቁታላችሁ፤ በስሱ በተነባበረው ሊጥ መሃል ያለው ለስላሳ ቢጫ ክሬም ነው። እሱኑ በሁለት ለስላሳ ኬክ መሃል አስቡት፣ ከላይ ደግሞ የሚያብረቀርቅ ቸኮሌት ፈሶበት። አሜሪካኖች ቦስተን ክሪም ፓይ ይሉታል፤ በ1856 እ.ኤ.አ. ቦስተን ከተማ በፓርከር ሐውስ ሆቴል እንደተፈጠረ ይነገርለታል። እኔ ሚዛን ተፈሪ ቤቴ ስጋግረው ያየሁትን ነገር ለናንተ ሳልነግር ማደር አልቻልኩም።

መጀመሪያ የሠራሁት ከስተርድ ማታ እንደ ገንፎ ቆሞ ነበር። ጠዋት ፍሪጁን ስከፍት ቀጥኖ በኬኩ ጎን ይወርዳል! ለካ የእንቁላል አስኳል ውስጥ አሚሌዝ የሚባል ኢንዛይም አለ፤ ምራቃችን ውስጥም ዘመዱ ይገኛል። ሥራው ስታርችን መቆራረጥ ነው። ክሬሙ ሞቅ ብሎ ሳይፈላ ከወረደ ኢንዛይሙ አይሞትም፤ ያቆመውን ስታርች ሌሊቱን ሲበጣጥስ ያድራል።

ለምን ሳይፈላ አወረድኩት? እንቁላሉ ይጓጉላል ብዬ ፈርቼ ነዋ። ወተትና እንቁላል ብቻ ቢሆን ፍርሃቱ ልክ ነው፤ ሙቀቱ ከ80 ዲግሪ ትንሽ ሲያልፍ ይቋጠራል። ስታርች ሲገባበት ግን የእንቁላሉ ፕሮቲን እርስ በርሱ እንዳይጣበቅ መሃል ገብቶ ይከለክለዋል። ስለዚህ ይፍላ! ሚዛን ከባሕር ወለል በላይ 1,450 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ95 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ እሱም ይበቃል። ቡልቅ ቡልቅ ማለት ከጀመረ በኋላ ማማሰያውን ሳታቋርጡ 2 ደቂቃ ቁጠሩ።

አሁን ወደምወደው ነገር መጣሁ። የኬክ መጽሐፎች የበቆሎ ስታርች ጨምሩ ይላሉ። ቡላስ ምንድን ነው? እንሰቱ ተፍቆ ሲጨመቅ ከፈሳሹ የሚዘቅጥ ስታርች ነው እኮ! የቡላ ገንፎ እንዴት እንደሚያብረቀርቅ አይታችኋል፤ ስታርቹ ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ ነው እንደዚያ የሚሆነው። ደረቅ ቡላ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በጥብጬ እስኪዘቅጥ እተወዋለሁ፣ ከዚያ ውሃውን እደፋለሁ። ሁለቴ ሲታጠብ ኮምጠጥ ያለው ሽታ ይለቀዋል። ለግማሽ ሊትር ወተት 4 አስኳል፣ 100 ግራም ስኳርና 4 የሾርባ ማንኪያ ቡላ ይበቃዋል። የሞቀውን ወተት ከስኳሩና ከቡላው ጋር በተመታው አስኳል ላይ በጥቂት በጥቂቱ እያፈሰሳችሁ ምቱ፣ ከዚያ ሁሉንም ወደ እሳቱ መልሱት።

ቫኒላ አልፈለግሁም። ኮረሪማ የዚሁ የደቡብ ምዕራቡ ጫካ ልጅ ሆኖ ሳለ ሌላ መዓዛ ለምን ፍለጋ እሄዳለሁ? የአንዱን ፍሬ ዘር ወቀጥ አድርጌ ወተቱ ውስጥ አሞቅና አጠልለዋለሁ።

ኬኩ ቀላል ነው። 4 እንቁላል ከ120 ግራም ስኳር ጋር እስኪነጣና እስኪያብጥ ይመታል፣ 120 ግራም ፉርኖ ዱቄት በቀስታ ይታጠፍበታል። የሚያነሳው የተመታው አየር ስለሆነ ቤኪንግ ፓውደር አያሻውም። ኦቨን ከሌላችሁ ወፍራም ድስት ውስጥ አሸዋ አንጥፋችሁ ፓትራውን አስቀምጡ፣ ክዳኑ ላይ ጥቂት ፍም አድርጉ። እሳት ከላይና ከታች ማለት ድፎ ስንጋግር የኖርንበት ጥበብ ነው። የተሰካበት ስንደዶ ደረቅ ሆኖ ከወጣ ደርሷል።

ለላዩ 4 የሾርባ ማንኪያ ካካዎ፣ 6 ስኳር፣ 50 ግራም የገበታ ቅቤና 5 ማንኪያ የጠለለ አቦል ለስለስ ባለ እሳት ላይ አማስሉ። ካካዎም ቡናም ሲቆሉ ብዙ የጋራ መዓዛ ይፈጥራሉ፤ ስለዚህ ቡናው ራሱን ሳያሳይ ቸኮሌቱን ያጎላዋል። ጠጣር ቸኮሌት የምታቀልጡ ደግሞ ይህን እዩ፦ አንዲት ጠብታ ውሃ ከገባችበት ስኳሩና ካካዎው በጠብታዋ ዙሪያ ተጣብቀው ይጠጥራል። አትድፉት! ሁለት ሦስት ማንኪያ ትኩስ ቡና ጨምሩበት፣ ተመልሶ ይፈታል። ጥቂት ውሃ ያቆራኘውን በርከት ያለ ውሃ ይፈታዋል።

ከስተርዱ ሲበርድ ኬኩን መሃሉን ሰንጥቃችሁ ሙሉት፣ ቸኮሌቱን ለብ ሲል አፍስሱበትና አሳድሩት። ጠዋት ቢላዋውን ሙቅ ውሃ ነክራችሁ ቁረጡ። ቢጫው ቀጥ ብሎ ከቆመ በደንብ ፈልቷል ማለት ነው።