ሃያ ዓመት ያለፈው ራቭ-4 በወለጋ መንገድ፦ የሚያስተማምነውና የማያስተማምነው

በነቀምቴ፣ በጊምቢና በደምቢ ዶሎ ለቤተሰቡ ከፍ ያለ መኪና ሊገዛ የሚያስብ ሰው ከደላሎች አፍ ደጋግሞ ከሚሰማቸው ስሞች አንዱ ቶዮታ ራቭ-4 ነው። በገበያው ከሚገኙት ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2005 የተመረቱ፣ የሞዴሉ ሁለተኛ ትውልድ የሚባሉ ናቸው። ከእነዚህ መካከል ታናሹ እንኳ ዛሬ ሃያ ዓመት ደፍኗል። ይህም ሆኖ ዋጋቸው እንደ ዕድሜያቸው አልወረደም።

ምክንያቱ ከመኪናው ይልቅ በገበያው ውስጥ ይገኛል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን በዕድሜያቸው ልክ ከበድ ላለ ታክስ ዳረጋቸው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከውጭ የሚመጣው መለዋወጫ ዋጋ አብሮ ናረ። ስለዚህ የቡና ሽያጭ ገንዘቡን ወይም የዓመታት ደመወዝ ቁጠባውን ይዞ የሚመጣ ገዢ ጥያቄው «ጥሩ መኪና የትኛው ነው?» ከመሆን ይልቅ «ከእነዚህ አሮጌ መኪኖች መካከል ገና አሥር ዓመት የሚያገለግለኝ የትኛው ነው?» ሆኗል።

እዚህ ላይ «አስተማማኝ» የሚለው ቃል በወለጋ ምን ማለት እንደሆነ ማጤን ያስፈልጋል። ነቀምቴ ከአዲስ አበባ በአምቦ፣ በጌዶና በባኮ በኩል 330 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ጊምቢ ከነቀምቴ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ምዕራብ ነው፤ ደምቢ ዶሎ ከዚያም ይርቃል። ባለፉት ዓመታት በአካባቢው በነበረው የጸጥታ ችግር ሳቢያ በምሽት መንገድ ላይ መቆየት ማንም የሚመርጠው ነገር አይደለም። ልጆች ይዞ አመሻሽ ላይ መንገድ መሐል የቆመ አባወራ መኪናው በጃፓን ስንት ሽልማት እንዳገኘ አያሳስበውም፤ የሚያሳስበው የተበላሸውን ነገር በቅርቡ ያለው መካኒክ ያውቀው እንደሆነና ዕቃው ነቀምቴ ይገኝ እንደሆነ ነው። የራቭ-4 ዋና ብርታትም በዚህ በኩል ነው። ብዙ መኪኖች በአንድ አካባቢ ሲኖሩ መካኒኩ በሽታቸውን ይለምዳል፣ ነጋዴውም ዕቃቸውን ያከማቻል።

ነገር ግን ራቭ-4 ሁሉ አንድ አይደለም።

የሁለተኛው ትውልድ ባለቤቶች ልምድ ለሁለት የሚከፈለው በሞተሩ ዓይነት ነው። ከጃፓን ገበያ የመጡት ባለ 2.0 ሊትር መኪኖች «ዲ4» የሚባለውን ሞተር የያዙ ናቸው። ለሌሎች አገሮች የተሠሩት ደግሞ በተለምዶ «ቪቪቲ-አይ» እየተባለ የሚጠራውን ይዘዋል። በእርግጥ ዲ4 የሆነውም የቪቪቲ-አይ አሠራር አለው፤ ስለዚህ በሞተሩ ክዳን ላይ ያለውን ጽሑፍ ብቻ አይቶ መወሰን ያሳስታል። ልዩነቱ ቤንዚኑ የሚረጭበት ቦታ ላይ ነው። በተለመደው ሞተር ቤንዚን ከአየር ጋር የሚደባለቀው ወደ ሲሊንደሩ ከመግባቱ በፊት በመግቢያው ቱቦ ላይ ነው። በዲ4 ግን ቤንዚኑ በከፍተኛ ግፊት በቀጥታ ሲሊንደሩ ውስጥ ይረጫል። ይህ አሠራር ነዳጅ ይቆጥባል፤ በአንጻሩ ሁለት ነገሮችን አይወድም።

የመጀመሪያው ቆሻሻ ነዳጅ ነው። የዲ4 ከፍተኛ ግፊት ያለው ፓምፕና የመርጫ ኖዝሎቹ እጅግ ጠባብ በሆነ ክፍተት የሚሠሩ ስለሆኑ ውኃ፣ አቧራ ወይም ከላምባ ጋር የተቀላቀለ ቤንዚን በቶሎ ይጎዳቸዋል። በወለጋ ከተሞች ማደያዎች ነዳጅ ሲያጥራቸው ቤንዚን በጀሪካንና በሃይላንድ ጠርሙስ በመንገድ ዳር እንደሚሸጥ ነዋሪው ያውቃል። ሕገወጥ ከመሆኑም ሌላ ጀሪካኑ ቀድሞ ምን ተይዞበት እንደነበር የሚያውቅ የለም። አሮጌው የመጀመሪያ ትውልድ ሞተር እንዲህ ያለውን ቤንዚን እያሳለ ሊሄድበት ይችላል፤ ዲ4 ግን በጠዋት አልነሳም ማለት፣ ቆሞ ሳለ መንቀጥቀጥና ጥቁር ጭስ ማውጣት ይጀምራል። ሁለተኛው ጠላቱ ራሱ የሚፈጥረው ጥላሸት ነው። ቤንዚኑ በአየር መግቢያ ቫልቮቹ ላይ ስለማያልፍ የሚያጥባቸው ነገር የለም፤ ከዓመት ዓመት ጥላሸት ይደርብባቸዋል። ይህን በየጊዜው አስፈትቶ ያላስጠረገ ባለቤት የመኪናው የነዳጅ ፍጆታ ጨመረብኝ ብሎ ያማርራል። ዲ4 የሆነው ራቭ-4 ርካሽ ሆኖ ሲቀርብ ገዢው ርካሽነቱ ከየት እንደመጣ ማወቅ አለበት።

ከ1994 እስከ 2000 እ.ኤ.አ. የተመረተው የመጀመሪያው ትውልድ በዚህ ረገድ የቀለለ ሞተር አለው፤ መካኒኮችም ይወዱታል። አንድ ነገር ብቻ አይረሳም፦ የሞተሩ ዋና ቺንጋ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ መቀየር አለበት። በሁለተኛው ትውልድ ግን በቺንጋው ፈንታ ሰንሰለት አለ።

ሌላው የባለቤቶች ምሬት ሙቀት ነው። ይህ ደግሞ ከአገራችን ከፍታ ጋር የተያያዘ፣ ብዙ ሰው የማያስተውለው ምክንያት አለው። ነቀምቴ ከባሕር ወለል በላይ 2,080 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ እዚህ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። የመኪና ሞተር ውኃ ደግሞ በሥራ ላይ ሳለ 90 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ውኃው እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ ግፊት አምቆ በመያዝ የመፍያ ነጥቡን ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ ያደርገዋል። የክዳኑ ላስቲክ ካረጀና ግፊቱን ካመለጠ በደጋ ያለ ሞተር ከቆላው ይልቅ ለመፍላት ይቀርባል። ዋጋው ከአንድ ቀን የነዳጅ ወጪ የማይበልጥ ክዳን ባለመቀየሩ የአሉሚኒየም ቴስታታው ተጣምሞ ሞተር ሙሉ በሙሉ ሊወርድ ይችላል። በዚህ የሞተር ቤተሰብ ቀደምት ምርቶች ላይ ቴስታታውን የሚይዙት ብሎኖች ጥርስ ሊበላ እንደሚችል በሌሎች አገሮችም የታወቀ ነው፤ የተደጋገመ ሙቀት ነገሩን ያባብሰዋል። ከወንዝ የተቀዳ ውኃ በራዲያተር መሙላት ደግሞ ከውስጥ ዝገትና ደለል ያጠራቅማል። ተገቢው የራዲያተር ፈሳሽ ቅንጦት አይደለም።

ከፍታው ጉልበትም ይቀንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ያህል ያጣል፤ በነቀምቴ ከአምስት እጅ አንዱን አጥቷል ማለት ነው። አምስት ሰው ጭኖ፣ በኋላ ደግሞ ቡና ወይም በቆሎ ጨምሮ ከዴዴሳ ሸለቆ ሽቅብ የሚወጣ ራቭ-4 የሚሞቀው ያለ ምክንያት አይደለም። በእርግጥ አምስት አዋቂ ሰዎችና ሻንጣቸው ብቻ የመኪናውን የመጫን አቅም ወደ መሙላቱ ይቃረባሉ። የመኪናው ስም በእንግሊዝኛ አጠር ብሎ የተጻፈ «ለመዝናኛና ለእንቅስቃሴ የሚሆን፣ በአራቱም ጎማ የሚነዳ» የሚል ትርጉም ያለው ሐረግ ነው። ለእሑድ ሽርሽር የታሰበን መኪና እኛ ኩንታል አሸክመነዋል።

ቁልቁለቱም የራሱ ጣጣ አለው። ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ፣ ወይም በአርጆ በኩል ወደ በደሌ የሚወስደው መንገድ ከደጋ ወደ ሞቃታማው የዴዴሳ ሸለቆ ይወርዳል። አውቶማቲክ ማርሽ ያለው መኪና ነጂዎች ማርሹን በ«ዲ» ላይ ትተው በፍሬን ብቻ ሲወርዱ የፍሬኑ ሸራ ይግላል፣ የፍሬን ዘይቱም ይሞቃል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት የመሳብ ጠባይ አለው፤ ወለጋ ደግሞ በአገሪቱ ዝናብ ከማይነሣቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። እርጥበት የጠጣ ዘይት ሲግል እንፋሎት ይፈጥራል፤ ነጂው ፍሬን ሲረግጥ እግሩ ባዶ ይገባል። ስለዚህ ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ ማስቀየርና ቁልቁለቱን በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ ይገባል።

ጭቃው

በግብርና ትምህርት ቤት ስለ ወለጋ ቀይ አፈር የተማርነው ስለ አሲዳማነቱና ስለሚፈልገው ኖራ ነበር። መኪና ያለው ሰው ግን ይህን አፈር የሚያውቀው በሌላ ጠባዩ ነው፤ በክረምት እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፣ በበጋ ደግሞ ዱቄት ሆኖ በአየር ፊልትሮው ላይ ይጋገራል። ከዋናው አስፋልት ወጥቶ ወደ ገጠር ቀበሌ የሚገባ ቤተሰብ በአራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና የሚፈልገው ለዚህ ነው። ሆኖም ባለ 1.8 ሊትር የሆነው ራቭ-4 በፊት ጎማዎቹ ብቻ የሚነዳ መሆኑን ብዙ ገዢ የሚያውቀው ጭቃ ውስጥ ከቆመ በኋላ ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ጎንበስ ብሎ ከሥር ማየት። ከመሐል ወደ ኋላ ጎማዎች የሚሄድ ረጅም ዘንግ ከሌለ ኃይል ወደ ኋላ አይሄድም።

በአራቱም ጎማ የሚነዳው ቢሆንም ኃይለኛ ጭቃ ለመውጣት የሚያገለግለው ከባድ ማርሽ የለውም፤ በዚህ በኩል ከፕራዶ ጋር አይወዳደርም። ፕራዶ በብረት ሻሲ ላይ የተቀመጠ መኪና ሲሆን፣ የራቭ-4 አካል ራሱ ሻሲው ነው። ጉድጓድ የበዛበት መንገድ የራቭ-4ን አሞርዛተርና የእግር ላስቲኮች ቶሎ ይጨርሳል። የፊት ጎማዎችን የሚያዞረው ዘንግ መገጣጠሚያ ላይ ያለው የላስቲክ ሽፋን ከተቀደደ ደግሞ ጭቃ ገብቶ መገጣጠሚያውን እንደ አሸዋ ወረቀት ይፈጨዋል። ሽፋኑ ርካሽ ነው፤ መገጣጠሚያው ግን ውድ ነው። አራቱ ጎማዎችም እኩል የተበሉ መሆን አለባቸው፤ ሁለት አዲስና ሁለት አሮጌ ጎማ ማሰር በአራቱም ጎማ የሚነዳን መኪና ዲፈረንሻል ያለ ዕረፍት ያሠራዋል።

ስለ ማርሽ ከተነሣ አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። በአሜሪካ ከተሸጡት የ2001 እስከ 2003 ምርት ራቭ-4 መኪኖች ላይ አውቶማቲክ ማርሹ እየደነቀፈ መቀየር ጀመረ። የችግሩ ምንጭ ማርሹ ሳይሆን ሞተሩንና ማርሹን የሚያዘው ኮምፒውተር ሆኖ ተገኘ፤ ቶዮታም በኮምፒውተሩ ላይ የነበረውን ዋስትና እስከ 10 ዓመት አራዘመ። ለእኛ ትምህርቱ ግልጽ ነው። ማርሹ የሚደነቅፍ መኪና ወደ ጋራዥ ሲገባ ካምቢዮውን ከመፍታት በፊት በኮምፒውተር መመርመር አለበት። ካምቢዮ አንዴ ካለ አግባብ ከተፈታ መልሶ እንደነበረ የሚገጥም ባለሙያ ማግኘት ቀላል አይደለም።

በነዳጅ ፍጆታ ረገድ በአንድ ሊትር አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ መሄድ በረጅም መንገድ ላይ የሚጠበቅ ነው። በዚህ ስሌት ከነቀምቴ አዲስ አበባ 33 ሊትር ይበላል። የሁለተኛው ትውልድ ባለ አምስት በር መኪና ታንከር የሚይዘው 57 ሊትር ስለሆነ ሞልቶ የተነሣ ሰው ሳይቀዳ ደርሶ መመለስ አይችልም። ከአዲስ አበባ ሲመለሱ ታንከሩን መሙላት መንገድ ዳር ከቆመ ጀሪካን ያድናል።

«ይህን ሁሉ ጣጣ ትቶ ለምን ኤሌክትሪክ አይገዛም?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። መንግሥት በ2014 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ መኪኖችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከሱር ታክስና ከኤክሳይስ ታክስ ነጻ አድርጓል፤ ቶዮታ ራሱ ቢዜድ4ኤክስ የተባለ ከፍ ያለ የኤሌክትሪክ መኪና አለው። ከፍታ የኤሌክትሪክ ሞተርን ጉልበት አይቀንስም፤ በዴዴሳ ቁልቁለትም ፍሬን ሲይዝ ኃይል ወደ ባትሪው ይመልሳል። በነቀምቴ ከተማ ውስጥ ለሚንቀሳቀስና በቤቱ ግቢ ለሚያሳድር ሰው አዋጭ ሊሆን ይችላል። በተለመደው የቤት ሶኬት ግን ትልቅ ባትሪ ለመሙላት 20 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ መብራት ከተቋረጠ ደግሞ ይዘገያል። ዘወትር ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ደምቢ ዶሎ የሚመላለስ ቤተሰብ በመንገዱ ላይ የት ቻርጅ እንደሚያደርግ ሳያረጋግጥ ባይቸኩል ይሻለዋል።

አሮጌውን ራቭ-4 ለመግዛት የወሰነ ሰው መኪናውን ማየት ያለበት ጠዋት፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ነው። ሻጩ «አሙቄ ልጠብቅህ» ካለ ቀጠሮውን ወደ ሌላ ቀን ማዛወር ይበጃል፤ የዲ4 ሕመም የሚታየው በቀዝቃዛ ሞተር ነው። የራዲያተሩ ክዳን ሞተሩ ሳይነሣ ተከፍቶ ይታይ፤ ውኃው ቡናማ ወይም ዘይት የተንሳፈፈበት ከሆነ ሞተሩ ሞቆ ያውቃል። ዳሽቦርዱ የሚያሳየውን የኪሎ ሜትር ቁጥር ማመን አያስፈልግም፤ የተረገጠ ፔዳልና ያለቀ የመሪ ቆዳ የበለጠ ይናገራሉ። በመጨረሻም የሻሲው ብቻ ሳይሆን የሞተሩ ቁጥር ከሊብሬው ጋር ይመሳከር። ዲ4 ሞተራቸው ተነሥቶ ሌላ የተገጠመላቸው መኪኖች ያጋጥማሉ፤ ለውጡ ራሱ ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ በሊብሬው ላይ ካልተመዘገበ ግን ስም ሲዛወርና ቦሎ ሲጠየቅ ገዢው በትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ደጅ ይመላለሳል። ቀብድ የሚከፈለው ይህ ከታየ በኋላ ነው።